ክህደት ምንድን ነው? ያልገባበትን የካደ አለ እንዴ?

ሰሞኑን አንዱ አስተያየት ሰጪ «አባ ጅፋር ለምኒልክ ስለገበረ ከሃዲ ነው» ብሎ ጻፈ፤ መቶ ሰው አጨበጨበለት። ጅማ ተቀምጦ ታሪክ ለሚያስተምር ሰው ይሄ እንዴት አያናድድ!

ክህደት ማለት የያዙትን እምነት ወይም የገቡትን ቃል አውቆ፣ ፈቅዶ፣ ጨርሶ መተው ነው። መጠራጠር ክህደት አይደለም። ጾም መግደፍም አይደለም። ሶላት መተው ግን፣ ሊቃውንቱ እስከዛሬ የሚከራከሩበት ነገር ስለሆነ፣ እኔ አልገባበትም። «ፈቅዶ» የምትለዋን ደግሞ ሁሉም ይዘላታል። ቁርኣን እንኳ ሱረቱ አን-ነሕል 106 ላይ፣ ተገዶ በአፉ የካደውንና ልቡ በእምነት የረጋውን ሰው ከከሃዲ ይለየዋል።

ከሁሉም የሚብሰው ግን «የያዙትን» የሚለውን መርሳት ነው። እቁብ አስቡ። እዚህ ጅማ ሂርማታ ገበያ ውስጥ እጣው ሳይደርሰው ለዳኛው «በቃኝ» ብሎ የወጣ ነጋዴ፣ ወጣ ነው የሚባለው። ብሩን በልቶ ስልኩን ያጠፋው ነው ካጁ። ጭራሽ እቁቡ ውስጥ ያልነበረን ሰው ግን «ለምን አልጣልክም?» ብሎ የሚይዝ ዳኛ አይታችኋል? (ምሳሌው ለፖለቲካ ነው። በሃይማኖት በግልጽ ተናግሮ የወጣም በቀሪዎቹ ዘንድ ከሃዲ ነው፤ መሰናበቱ አያድነውም።)

ዳግማዊ አባ ጅፋር እ.ኤ.አ. በ1878 ሲነግሡ ጅማ ራሷን የቻለች መንግሥት ነበረች። ሳይዋጉ ገበሩ፣ በየዓመቱ ግብር ከፈሉ፣ በምላሹ የውስጥ አስተዳደራቸውን ይዘው ቆዩ። እስልምናቸውንም አልለቀቁም። እና የካዱት ማንን ነው? ከእሳቸው በላይ የማሉለት ጌታ አልነበረም። ውሳኔያቸው ትክክል አልነበረም የሚል ካለ ይምጣ፣ እንከራከር፤ እሱ ሌላ ክርክር ነው።

እውነተኛ ምሳሌ የሚፈልግ አጼ ሱስንዮስን ይይ። እ.ኤ.አ. በ1622 ካቶሊክነትን በይፋ ተቀበሉ። ለተዋሕዶ ካህናት ንጉሡ ካዱ፤ ለኢየሱሳውያኑ፣ ለካቶሊክ ሰባኪዎቹ፣ ደግሞ ገና አሁን አመኑ። ብዙ ደም ከፈሰሰ በኋላ በ1632 የቀድሞውን ሃይማኖት መልሰው ዙፋኑን ለልጃቸው ለፋሲለደስ ለቀቁ፤ ያኔ ደግሞ የማዘኑ ተራ የኢየሱሳውያኑ ሆነ።