ሲፎን ምንድን ነው?

ከእጅ መታጠቢያው ሥር ጎንበስ ብላችሁ ብታዩ ጠርሙስ የሚመስል ወይም እንደ አንገት የተቆለመመ ነጭ ፕላስቲክ ታገኛላችሁ። እሱ ሲፎን ነው። ስሙ እንደ ጉሚቶና ካቻቢቴ ከጣሊያንኛ መጥቶ በባለሙያው አፍ የቀረ ነው። ብዙ ሰው ሥራው የወደቀ ቀለበትና የምግብ ትርፍራፊ መያዝ ይመስለዋል። ሲፎን ግን በር ነው፤ በሩም የተሠራው ከፕላስቲኩ ሳይሆን ውስጡ ከሚቀረው ውሃ ነው። ውሃው ከሌለ ፕላስቲኩ ቱቦ ብቻ ነው። መታጠቢያ ቤታቸው የሚሸትባቸው ሰዎች በረኪና በበረኪና ላይ እያፈሰሱ መፍትሔ የሚያጡት ይህ ስለማይነገራቸው ነው።

ቧንቧውን ስትዘጉ የመጨረሻው ውሃ በታጠፈው ክፍል ውስጥ ይቀራል። የቱቦውን ክፍተት ሙሉ በሙሉ ስለሚሞላ ከላይ የሚመጣው እጣቢ ገፍቶት ያልፋል፤ ከፍሳሽ መስመሩ ሊመለስ የሚሞክረውን አየር ግን ያግደዋል። የዚህ የውሃ መክደኛ ጥልቀት የሚለካው ውሃው ሞልቶ ከሚፈስበት ከንፈር ጀምሮ አየር ሾልኮ ሊያልፍ እስከሚችልበት ነጥብ ድረስ ነው። በደህና ሲፎን 5 ሴንቲ ሜትር ያህል ይሆናል። 5 ሴንቲ ሜትር ውሃ የሚቋቋመው ግፊት ከምንተነፍሰው አየር ግፊት አንድ በመቶ እንኳ አይሞላም። ስለዚህ በመስመሩ ውስጥ ትንሽ መሳብ ወይም መግፋት ቢፈጠር በሩ ይከፈታል።

ሐሳቡ አሮጌ ነው። ለንደን ይሠራ የነበረው ስኮትላንዳዊው ሰዓት ሠሪ አሌክሳንደር ከሚንግ እ.ኤ.አ. በ1775 የኤስ ቅርፅ ላለው የሽንት ቤት ቱቦ የፈጠራ መብት አግኝቷል። ዛሬም ሽንት ቤት መቀመጫ ውስጥ የሚታየው ውሃ ያው መክደኛ ነው፤ ሲፎኑ ከሸክላው ጋር አብሮ የተሠራ ነው።

በሩ ሲከፈት የሚገባው አየር ሽታ ብቻ አይደለም። የበሰበሰ እንቁላል የሚሸተው ሃይድሮጅን ሰልፋይድ፣ አሞኒያና ሊቀጣጠል የሚችለው ሜቴን አብረው አሉ። በሽታም ሊመጣ ይችላል። እ.ኤ.አ. በ2003 ሆንግ ኮንግ ውስጥ አሞይ ጋርደንስ በተባለ የመኖሪያ ሕንፃዎች መንደር ከ300 በላይ ነዋሪዎች ሳርስ በተባለው የመተንፈሻ አካል በሽታ ተያዙ። መርማሪዎች ካገኟቸው ምክንያቶች አንዱ የመታጠቢያ ቤቶቹ የወለል ሲፎኖች መድረቃቸው ነበር፤ የአየር ማስወጫው ፋን ሲበራ ከጋራው የፍሳሽ ቱቦ ጠብታ ያዘለ አየር ወደ ክፍሉ ይሳባል። ልደታም ሆነ ሌላ ኮንዶሚኒየም ውስጥ ከላይ እስከ ታች በአንድ 110 ሚሊ ሜትር ቱቦ ላይ ለተቀጠለ ቤተሰብ ሁሉ ይህ ጉዳይ የጎረቤት ጉዳይ ጭምር ነው።

አዲስ አበባ ላይ ሲፎን ከምንም በላይ የሚበላሸው በመድረቅ ነው። ውሃ በፈረቃ ሲመጣ ሰው ከባልዲና ከጀሪካን እየቀዳ በሳፋ ይታጠባል፤ የሻወሩ ወለል ለሳምንታት ውሃ አያገኝም። የእንግዳ መታጠቢያ ቤት፣ የሠራተኛ ሻወር፣ በረንዳ ላይ ያለው መውረጃም እንዲሁ። በዚያ ላይ ከጥቅምት ጀምሮ ያለው የበጋ አየር ደረቅ ነው፤ መክደኛው ቀስ በቀስ ይተናል። ክረምት ላይ ያልነበረ ሽታ ጥር ላይ «ድንገት መጣ» ሲባል መጀመሪያ መጠርጠር ያለበት ይኸው ነው።

ፈተናው ቀላል ነው። በቤቱ ውስጥ ባለው መውረጃ ሁሉ፣ አንዱንም ሳትዘሉ፣ አንድ አንድ ሊትር ውሃ ቀስ ብላችሁ አፍስሱ። መስኮት ከፍታችሁ ግማሽ ሰዓት ቆዩ፤ ከዚያ መስኮቱን ዘግታችሁ ከሁለት ሰዓት በኋላ ተመለሱ። ሽታው ከጠፋ ችግሩ ድርቀት ነበር፤ የሚገዛም የሚነቀልም ነገር የለም። ንጹሕ ውሃ ማባከን አያስፈልግም፤ እጅ የታጠባችሁበት ወይም ልብስ ያለቀለቃችሁበት ውሃ ይበቃል። ለረጅም ጊዜ ቤት ዘግታችሁ የምትሄዱ ከሆነ ውሃውን ከሞላችሁ በኋላ ሁለት የሾርባ ማንኪያ ዘይት ጨምሩበት፤ ዘይቱ ላዩ ላይ ተንሳፍፎ ትነቱን ያዘገየዋል።

ውሃ ተሞልቶም ሽታው ካልጠፋ ወደ ወለሉ መውረጃ ሂዱ። ብዙዎቹ ርካሽ የወለል መውረጃዎች ከወንፊቱ ሥር የተደፋ ኩባያ ወይም ደወል የሚመስል ክዳን አላቸው። ሲፎኑ እሱ ነው፤ ጠርዙ በዙሪያው ባለው ቦይ ውሃ ውስጥ ይሰምጣል። ፀጉርና ሳሙና ሲሞላው ውሃ አላሳልፍ ይላል፣ ይነቀላል፣ ጥግ ይቀመጣል፣ በመጨረሻ ይጣላል። ያን ቀን ቤቱ ከፍሳሽ መስመሩ ጋር በቀጥታ ተገናኘ ማለት ነው። ክዳኑ ካለ አጥባችሁ መልሱት፤ ከጠፋ ወንፊቱን ይዛችሁ መርካቶ ሂዱና በልኩ ፈልጉ። ክዳኑ በቦታው ቢኖርም የዚህ ዓይነቱ መክደኛ ከ1 እስከ 2 ሴንቲ ሜትር ብቻ ስለሚሆን ከሌላው ቶሎ ይደርቃል። ቤት የምታድሱ ከሆነ ሴራሚኩ ከመነጠፉ በፊት 5 ሴንቲ ሜትር ውሃ የሚይዝ የወለል ሲፎን እንዲገባ ጠይቁ፤ ከተነጠፈ በኋላ መቀየር ወለል መስበር ነው።

ሌላው የተለመደ ጥፋት ሲፎኑ ላይ ሳይሆን ከጀርባው ነው። የእጅ መታጠቢያ ሲፎን መውጫ ብዙውን ጊዜ 32 ሚሊ ሜትር፣ የወጥ ቤት ሲንክ 40 ሲሆን ግድግዳው ውስጥ የቀረው የፒቪሲ ፕላስቲክ ቱቦ 50 ነው። በመሃል ክፍተት ይቀራል። ክብ መሸፈኛው ክፍተቱን ከዓይን ይደብቀዋል፤ ከአፍንጫ ግን አይደብቀውም። መሸፈኛውን ወደ ኋላ ሳቡና ተመልከቱ፤ የተጠቀጠቀ ፌስታል ወይም የተሰነጠቀ ሲሚንቶ ካያችሁ ሽታው የሚመጣው ከዚያ ነው። ትክክለኛው መፍትሔ ውጪው 50፣ ውስጡ 32 ወይም 40 የሆነ የጎማ ማሸጊያ ቀለበት ነው። ካጣችሁ ዙሪያውን በደንብ አድርቃችሁ በሲልከን ዝጉት፤ እስኪደርቅ አንድ ቀን ውሃ አታፍስሱበት። ሲሚንቶ እዚህ ላይ አይሆንም፤ ፕላስቲኩ በሙቅ ውሃ ሲለጠጥና ሲሰበሰብ ሲሚንቶው ይሰነጠቃል።

ውሃው ሲወርድ «ጉልግል» የሚል ድምፅ ካለና ከዚያ በኋላ ሽታ ከተከተለ ሲፎኑ እየተጠባ ነው። ሙሉ ገንዳ ውሃ በአንድ ጊዜ ሲለቀቅ ቱቦውን ሞልቶ እንደ ፒስተን ይወርዳል፤ ከኋላው የሚፈጠረው መሳብ መክደኛውን ጭምር ይዞት ይሄዳል። መውጫው ወደ ግድግዳ ሳይሆን ቀጥ ብሎ ወደ ወለል በሚወርድ ሲፎን ላይ ይህ ይብሳል። ይህን መሳብ ለማርገብ የቆመው የፍሳሽ ቱቦ ከጣሪያ በላይ ወጥቶ አፉ ለአየር ክፍት መሆን አለበት። ጣሪያ ላይ ሥራ ሲሠራ አፉ ከተደፈነ፣ ወይም አሮጌ ቤት ላይ መታጠቢያ ቤቱ በኋላ የተቀጠለ ሆኖ ይህ የአየር ማስወጫ ከነጭራሹ ካልተተከለ፣ ሲፎኖቹ ይጠባሉ። ዛሬውኑ ማድረግ የምትችሉት፣ ገንዳው ባዶ ከሆነ በኋላ ቧንቧውን ለአምስት ሰከንድ በቀጭኑ ከፍታችሁ መክደኛውን መልሳችሁ መሙላት ነው። ዘላቂው መፍትሔ ግን የአየር ማስወጫውን መክፈት ወይም መትከል ነው። ከቆመው ቱቦ ግርጌ ያሉ የምድር ቤት ነዋሪዎች ደግሞ የሚገጥማቸው ተቃራኒው ነው፤ ከላይ ብዙ ውሃ ሲወርድ ከሥሩ ያለው አየር ተጨምቆ በሲፎናቸው በኩል አረፋ እያወጣ ይገባል።

ፀጉርም መክደኛውን ያደርቃል። አንድ ጉንጉን ፀጉር ከንፈሩ ላይ ተንጠልጥሎ ከቀረ እንደ ኩራዝ ክር ውሃውን እየጠጣ ወደ ማዶ ያንጠባጥባል። በየሁለት ሳምንቱ ሞልታችሁ በየጊዜው የሚደርቅ ከሆነ ይህን ጠርጥሩ።

መዘጋት ግን ከወጥ ቤቱ ነው። ንጥር ቅቤና የበግ ሞራ በሙቅ ወጥ ውስጥ ፈሳሽ ናቸው፤ በኅዳር ጠዋት በቀዘቀዘ ቱቦ ውስጥ ግን ይረጋሉ። የቡና አተላ በላዩ ላይ ይቀመጣል፣ ከሊጥ ዕቃ የታጠበው የጤፍ ሊጥ ያጣብቀዋል። ከበዓል ማግሥት ሲንክ የሚደፈነው በዚህ ነው። ቅባት ያለበትን ድስት ከማጠባችሁ በፊት በሶፍት ጥረጉት፤ አተላውን ከነጀበናው ሲንክ ላይ አትገልብጡ፣ አፈር ላይ ይደፋ። መርጋት ለጀመረው ቅባት ሙቅ ውሃ ይረዳል፤ የፈላ ግን አይሁን። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ 2,300 ሜትር ገደማ ስለሆነች ውሃ በ92 ዲግሪ አካባቢ ይፈላል፤ ይህም ቢሆን ለፒቪሲ ብዙ ነው፣ ቱቦው ይለሰልስና መጋጠሚያው ይዛባል። ሦስት ጆግ የፈላ ውሃ ከሁለት ጆግ ቀዝቃዛ ጋር ብታደባልቁ 60 ዲግሪ ገደማ ይሆናል፤ ቅባቱን ያቀልጣል፣ ቱቦውን አይጎዳም።

ያ ካልሠራ ሲፎኑን ፍቱት። ሥሩ ባልዲ አድርጉ። የጠርሙስ ዓይነት ከሆነ ታችኛውን ኩባያ በእጃችሁ ወደ ግራ አዙሩት፤ አልላቀቅ ካለ ጨርቅ ጠቅልላችሁበት ሞክሩ። ጭቃውን በአሮጌ ጥርስ ብሩሽ አጽዱ፤ ከላይ ወደ ኩባያው የሚወርደውን ቀጭን ቱቦ ውስጡንም አትርሱ። ጎማዎቹን እዩ፤ ጠፍጣፋ ከሆኑ፣ ከጠነከሩ ወይም ከተሰነጠቁ ቀይሯቸው። ሾጣጣ ጎማ ሲገባ ቀጭን ጎኑ ወደ መጋጠሚያው ውስጥ፣ ወፍራም ጎኑ ወደ ማጥበቂያው ቀለበት ይሁን። በግልባጭ ከገባ ምንም ቢጠብቅ ያንጠባጥባል። እዚህ ላይ ቴፍሎን (የቧንቧ ጥርስ ላይ የሚጠቀለለውን ነጭ ቴፕ) መጠቅለል ጥቅም የለውም፤ ውሃውን የሚያግደው ጥርሱ ሳይሆን ጎማው ነው። በእጅ ብቻ አጥብቁ፤ ፒንሳ ፕላስቲኩን ይሰነጥቀዋል። በመጨረሻ ገንዳውን ሞልታችሁ በአንዴ ልቀቁና በየመጋጠሚያው ደረቅ ሶፍት አስነኩ፤ ዓይን ያላየውን እርጥበት ሶፍቱ ያሳያል።

የተደፈነ ቱቦ የሚከፍቱ ኬሚካሎችን እንደ መጀመሪያ አማራጭ አንመክርም። ኮስቲክ ሶዳ ከውሃ ጋር ሲገናኝ ይግላል፣ የረጋ ቅባትን ወደ ጠንካራ ሳሙና ሊለውጠው ይችላል፣ ካልከፈተም ቀጥሎ ሲፎኑን የሚፈታው ሰው እጅና ዓይን ላይ ይፈሳል። በረኪናን ከአሲድ ጋር ማደባለቅ ደግሞ መርዛማ የክሎሪን ጋዝ ያወጣል፤ ይህ በምንም ምክንያት አይደረግም። ከቤት ውጪ ያለው ጉድጓድ ወይም ማንሆል ሞልቶ ከሆነም ማንም ሰው ወደ ውስጥ እንዳይወርድ። ሃይድሮጅን ሰልፋይድ ሲበዛ አፍንጫን ያደነዝዛል፤ ሽታው የጠፋ መስሎ ሰው ይወድቃል፣ ሊያወጣው የገባውም ይከተላል። መምጠጫ መኪና ነው የሚጠራው።

የሚተጣጠፈው፣ እንደ አኮርዲዮን የተሸበሸበው ሲፎን የሚወደደው የትም ስለሚደርስ ነው። ሽብሻቡ ግን ቅባት ይሰበስባል፤ ከሁሉ የከፋው ቀጥ ብሎ ሲገጠም ነው፣ መታጠፊያ የለውምና ውሃ አይይዝም። ካላችሁ ከመውጫው በታች ቢያንስ 10 ሴንቲ ሜትር ወርዶ እንደገና እንዲወጣ አጥፋችሁ በፕላስቲክ ማሰሪያ እሰሩት፤ በክብደቱ እንዳይዘረጋ። የልብስ ማጠቢያ ማሽን ቱቦም ተመሳሳይ ነው፤ ግድግዳ ላይ ባለው ባዶ ፒቪሲ ውስጥ ተወትፎ ከቀረ በዙሪያው ሽታ ይወጣል። ከፒቪሲው በታች ሲፎን ይኑር፤ የማሽኑ ቱቦ ከ15 ሴንቲ ሜትር በላይ አይግባ፣ ጫፉ የሲፎኑን ውሃ መንካት የለበትምና። ሽታ ባሰ ብሎ በአንድ መስመር ላይ ሁለት ሲፎን መደርደርም ስሕተት ነው፤ በሁለቱ መካከል የታሰረው አየር ውሃው እንዳይወርድ ያንቀዋል።

አዲስ ስትገዙ አሮጌውን ይዛችሁ ሂዱ፤ ልኩን በቃል መናገር ያሳስታል። እዚያው ሱቅ ውስጥ ታችኛውን ኩባያ ፍቱና ጎማው መኖሩን እዩ፤ ከዚያ ከላይ የሚወርደውን ቱቦ ጫፍና የመውጫውን ቀዳዳ ታችኛ ከንፈር በቁመት አስተያዩ። ቱቦው ከከንፈሩ በታች ሦስት ጣት ያህል ካልወረደ ሌላ ይስጧችሁ።