ክታብ ምንድን ነው?

ክታብ በብራና ወይም በወረቀት ላይ ተጽፎ፣ ተጠቅልሎ ወይም ታጥፎ በቆዳ ከተሰፋ በኋላ በአንገት፣ በክንድ ወይም በወገብ የሚታሰር የጥበቃ ጽሑፍ ነው። በደሴና በኮምቦልቻ አካባቢ በክርስቲያኑም በሙስሊሙም ዘንድ የታወቀ ሲሆን፣ በተለይ ለሕፃናት፣ ለነፍሰ ጡሮችና ለአራሶች ይታሰራል። ከውጭ የሚታየው ማኅደሩ ብቻ በመሆኑ ብዙ ሰው ክታብን እንደ አንድ የአንገት ጌጥ ይቆጥረዋል። አሳሪውም ታሳሪውም ኃይል አለው ብለው የሚያምኑት ግን በተጻፈው ቃልና በቃሉ መካከል በገባው የሰው ስም ላይ ነው።

ለዚህም ነው ክታብን አብረውት ከሚታሰሩ ነገሮች መለየት የሚያስፈልገው። ማተብ ክርስቲያን ሲጠመቅ በአንገቱ የሚታሰርለት ክር ነው፤ የሃይማኖት ምልክት ነው እንጂ የበሽታ መከላከያ አይደለም። ጨሌ የዶቃ ጌጥ ሲሆን ከዛር ጋር የተያያዘ ነው። የመዳብ አምባር ለቁርጥማት ይበጃል ተብሎ በክንድ ይጠለቃል። ጤና አዳምና ነጭ ሽንኩርትም ቡዳን ያርቃሉ ተብለው በጨርቅ ተቋጥረው ከልጅ ልብስ ጋር ይታሰራሉ፤ የእነዚህ ኃይል ከጠረናቸው ነው ይባላል። ሁሉንም በአንድ ላይ «ባዕድ አምልኮ» ብሎ መጥራትም ሆነ ሁሉንም «ባህላችን» ብሎ ማለፍ ነገሩን ያድበሰብሰዋል።

ክታብ የሚታሰርበት ዋናው ፍርሃት የዓይን ፍርሃት ነው። በደሴ ሰፈሮች ሰው የሌላውን ልጅ ሲያደንቅ «ማሻ አላህ» ወይም «በስመ አብ» ካላለ እናቲቱ ልቧ አይረጋም። አድናቆት በራሱ ይጎዳል ተብሎ ስለሚታመን፣ ያማረ ሕፃን፣ ሙሽራ፣ አራስና ወተቷ የበዛ ላም ከሌላው ይልቅ ለዓይን የተጋለጡ ናቸው ይባላል።

በክርስቲያኑ ወገን የሚዘጋጀው ክታብ በቀድሞው ልማድ ከበግ ወይም ከፍየል ቆዳ በተሠራ ብራና ላይ በደብተራ እጅ በግእዝ ይጻፋል። ረጅሙ ዓይነት፣ ጠባብ የብራና ቁራጮች ጫፍ ለጫፍ በቀጭን ጠፍር ተሰፍተው የሚቀጣጠሉበት ጥቅልል ሲሆን፣ ጥበቃው ሰውየውን ከራስ ጠጉሩ እስከ እግር ጥፍሩ ይሸፍነው ዘንድ ርዝመቱ በባለቤቱ ቁመት ልክ እንዲሆን ይፈለጋል። ጽሑፉ በጥቁር ቀለም ይወርዳል፤ «በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ» የሚለው መክፈቻና የቅዱሳን ስሞች በቀይ ይደምቃሉ። በየጸሎቱ መካከል ለወንድ «ዕቀቦ ለገብርከ»፣ ለሴት «ዕቀባ ለአመትከ» ተብሎ የባለቤቱ የክርስትና ስም ይገባል። ጥቅልሉ ወደ ሌላ ሰው ሲተላለፍ የቀድሞው ስም ተፍቆ የአዲሱ ባለቤት ስም ይጻፍበታል፤ ዛሬ በአውሮፓ ቤተ መጻሕፍት በሚገኙ የኢትዮጵያ ጥቅልሎች ላይ ይህ የመፋቅ ምልክት በዓይን ይታያል።

በውስጡ ከሚጻፉት ሁሉ ስለ እናቶች ጭንቀት አብልጦ የሚናገረው የቅዱስ ሱስንዮስ ጸሎት ነው። ታሪኩ እንደሚለው ወርዝልያ የተባለች ክፉ ሴት የሱስንዮስን ሕፃን ገደለችበት፤ እርሱም በፈረሱ ሆኖ ተከታትሎ በጦር ወጋት፤ እርሷም የሱስንዮስ ስም ባለበት ስፍራ እንደማትገባ ምላለች። እንግዲህ ልጆቿ በተከታታይ የሚሞቱባት እናት ይህን ጸሎት በአንገቷ ስታስር፣ መሐላውን በአካሏ ላይ እንደ ማስረጃ መያዟ ነው። ስሙ ካለ መሐላው አለ፤ መሐላው ካለ ገዳይዋ አትቀርብም። «መርበብተ ሰሎሞን» የሚባለው ሌላው ጸሎት ደግሞ ንጉሥ ሰሎሞን አጋንንትን እንደ ዓሣ በመረብ የያዘበትን ታሪክ ያወሳል። በጸሎቶቹ መካከል ጠልሰም የሚባሉ ሥዕሎች ይገባሉ፦ ሰይፍ የመዘዙ መላእክት፣ መካከሉ ላይ የሰው ፊት ያለበት ባለ ስምንት ጫፍ ኮከብ፣ ከየአቅጣጫው የሚያፈጡ ዓይኖች። በሽተኛው ሥዕሉን ሲመለከት በውስጡ ያደረው መንፈስ ያንኑ አይቶ ይደነግጣል፣ ይሸሻልም ተብሎ ይታመናል።

በሙስሊሙ ወገን ክታቡን የሚጽፉት ሸሆች ናቸው። «ሂርዝ» ብለው የሚጠሩትም አሉ። በወረቀት ላይ በዐረብኛ ከሚጻፉት አንቀጾች ዋነኞቹ አያተል ኩርሲ፣ ማለትም የሱረቱል በቀራ 255ኛ አንቀጽ፣ እንዲሁም 113ኛውና 114ኛው ምዕራፍ፣ አል-ፈለቅና አን-ናስ ናቸው። ሱረቱል ፈለቅ ከምቀኛ ክፋት በአላህ መጠበቅን የሚለምን በመሆኑ ዓይንን ለሚፈራ ሰው ቀጥተኛ መልስ ሆኖ ይሰማዋል። ከአንቀጾቹ ጎን የአላህ ስሞችና በቁጥር የተሞሉ ባለ አራት ማዕዘን ሠንጠረዦች ይሰፍራሉ። ወረቀቱ ታጥፎ፣ ውኃ እንዳያገኘው ተሸፍኖ በቆዳ ይሰፋል። ቅዱስ ቃል በመያዙም ብዙዎች ወደ መፀዳጃ ከመግባታቸው በፊት ያወልቁታል።

ወሎ ውስጥ ሁለቱ ወገኖች በጋብቻና በጉርብትና ተሳስረው የኖሩ ስለሆኑ፣ ልጇ የታመመባት ክርስቲያን እናት ወደ ሸህ፣ ሙስሊሟም ወደ ደብተራ መሄዷ ብዙ የሚያስገርም ነገር አልነበረም። «አንቺ፣ እከሌን ያዳኑት ሸህ ዘንድ ውሰጂው እንጂ!» የምትል ጎረቤት ስለ ሃይማኖት እየተከራከረች ሳይሆን ስለ ሕፃኑ እየተጨነቀች ነው።

የክታብ ማኅደር በቆዳ ብቻ አይቀርም፤ አቅም ያላቸው ቤተሰቦች በብር ያሠሩታል። ከኮምቦልቻ በስተምሥራቅ የምትገኘው ባቲ በሰኞ ገበያዋና በብር ጌጦቿ የታወቀች ስትሆን፣ የወሎ አንጥረኞች ጠገራ ብሩን፣ 1780 የሚል ዓመት የታተመበትን የማሪያ ቴሬዛ ብር፣ አቅልጠው የክታብ ቱቦዎችንና ጠልሰም የሚባሉ የአንገት ማንጠልጠያዎችን ሠርተውበታል። እዚህ ላይ አንድ የሚያሳዝን ነገር አለ። ቆዳውን የሚያለፋው፣ ብሩን የሚያቀልጠው፣ ብረቱን የሚቀጠቅጠው ባለሙያ እርሱ ራሱ «ቡዳ» ተብሎ ሲጠረጠር፣ በጋብቻ ሲገለልና ሰው ልጆቹን ሲሸሽበት ኖሯል። ሕዝቡ ከቡዳ ይጠብቀኛል ያለውን ነገር በእጁ የሠራለትን ሰው ቡዳ ብሎ ሰድቦታል። ክታብን ስንተርክ ይህን ግፍ ዘልለን የእጅ ጥበቡን ብቻ ብናወድስ እውነቱን አጉድለን እንናገራለን።

የሃይማኖት መምህራን ለክታብ ያላቸው አቋም ከሕዝቡ ልማድ የተለየ ነው። ከ1434 እስከ 1468 በአውሮፓ አቆጣጠር የነገሡት ዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ አስማትንና ጥንቆላን አጥብቀው ተዋግተዋል፤ ዛሬም የኦርቶዶክስ ቤተ ክርስቲያን መምህራን ምእመናን በአስማት ክታብ ፈንታ በጸሎት፣ በጠበልና በቅዱስ ቁርባን እንዲጸኑ ያስተምራሉ። በእስልምናም ተሚማን፣ ማለትም የጥበቃ ማንጠልጠያን፣ ማሰር ሺርክ (በአላህ ላይ ሌላን ማጋራት) ነው የሚል ሐዲስ «ሙስነድ» በሚባለው የኢማም አሕመድ የሐዲስ ስብስብ ውስጥ ይገኛል። ሆኖም ከቁርኣን ብቻ የተጻፈውን በተመለከተ ከሶሐቦች፣ ከነቢዩ ባልደረቦች፣ ዘመን ጀምሮ ልዩነት አለ፤ ኢብን መስዑድ ሲቃወሙት፣ ዐብዱላህ ኢብን ዐምር ደግሞ ጸሎቱን በቃል ማጥናት ለማይችሉ ትንንሽ ልጆች ጽፈው ያንጠለጥሉ እንደነበር ተዘግቧል።

ከሁሉ በላይ መብራራት የሚያስፈልገው ሾተላይ ነው፤ ምክንያቱም እዚህ ላይ የልጅ ሕይወት አለ። ብዙ ክታብ የተጻፈበት ይህ ስም ልጆች በማኅፀን ወይም እንደተወለዱ በተከታታይ የሚሞቱበትን መከራ የሚያመለክት ሲሆን፣ ከመንስኤዎቹ አንዱ ዛሬ በሕክምና በሚገባ ታውቋል። የእናት ደም አርኤች በሚባለው የደም ዓይነት መለያ ኔጋቲቭ፣ የፅንሱ ደም ደግሞ ፖዘቲቭ ሲሆን፣ በተለይ በወሊድ ጊዜ የልጁ ደም ወደ እናት ደም ይቀላቀልና የእናትየው ሰውነት እንደ ባዕድ ቆጥሮ ፀረ እንግዳ አካል ያመርታል። የመጀመሪያው ልጅ በአብዛኛው ይተርፋል፤ ይህ ፀረ እንግዳ አካል የሚጎዳው ተከታዮቹን ነው። ሕዝቡ «የበኩሩ ተርፎ ሌሎቹ አልበረክት አሉ» እያለ ያስተዋለው ነገር ከዚህ ጋር ይገጥማል። መከላከያው «የሾተላይ መርፌ» ተብሎ የሚጠራው አንቲ ዲ ሲሆን፣ በእርግዝና በ28ኛው ሳምንት አካባቢና ከወሊድ በኋላ በ72 ሰዓት ውስጥ ይሰጣል። ስለዚህ በደሴም ሆነ በኮምቦልቻ ያለች ነፍሰ ጡር በመጀመሪያ ክትትሏ የደም ዓይነቷን ማወቅ አለባት፤ ውርጃ ቢያጋጥማትም ስለ መርፌው ሳትጠይቅ ከጤና ተቋሙ አትውጣ። ክታቧን ማውለቅ አያስፈልጋትም፤ ሐኪም ዘንድ መድረሷን ብቻ አታዘግይ። ለጨቅላ ሕፃን ሲታሰር ደግሞ፣ ክሩ በእንቅልፍ ላይ አንገቱን ሊያንቀው ስለሚችል በአንገቱ ባይሆን ይሻላል።

ከአያቶች ሣጥን የብራና ክታብ ያገኘ ሰው ደርቆ ከሆነ በጉልበት አይዘርጋው፤ ይሰነጠቃልና። በውኃ መወልወል ቀለሙን ያጠፋዋል፤ በፕላስቲክ ማሸግም እርጥበት ያፍንበታል። በደረቅ ቦታ፣ በንጹሕ የጥጥ ጨርቅ ተጠቅልሎ ቢቀመጥ፣ በውስጡም የማን ስም እንደተጻፈበት ግእዝ በሚያውቅ ሰው ቢነበብ መልካም ነው። እንዲህ ያለው የብራና ጽሑፍ ቅርስ በመሆኑም በ1992 ዓ.ም. በወጣው የቅርስ ጥናትና አጠባበቅ አዋጅ ቁጥር 209 መሠረት ያለ ፈቃድ ከአገር ሊወጣ አይችልም።