የአዳር ፊልም «ዝም ብሎ ጩኸት» አይደለም

ጎንደር ውስጥ የአዳር ፊልም እናዘጋጃለን ባልኩ ቁጥር የሚመጣልኝ መልስ አንድ ነው። «አሃ፣ ያ ሰው እንዳሻው የሚጮህበት?» በቃ ሰልችቶኛል። ነገሩ እንዲህ ነው፤ ከምሽቱ 4 ሰዓት እስከ ንጋት የራሳቸውን ወዳጅ ያፈሩ የድሮ ፊልሞች፣ የተመረጡ ትዕይንቶችና ያረጁ የፊልም ማስታወቂያዎች ተቀናብረው ይታያሉ። ተመልካቹም ለፊልሙ ንግግር መልስ እየሰጠ፣ እየዘፈነ አብሮ ያድራል።

ቀላል ቀላሉን ላስቀድም። «የሆረር ምሽት ነው» ይባላል። አይደለም፤ ኩንግ ፉውም የህንዱም አለ። «የሰካራም መሰብሰቢያ ነው።» የሰከረማ እኩለ ሌሊት ሳይሞላ ይተኛል፤ እኛ ጋ የሚቀዳው ቡና ነው። «በመጥፎ ፊልም መሳለቅ ነው።» የሚሳለቅ ሰው አንዴ አይቶ ይሄዳል፤ ቃል በቃል ሸምድዶ ለዓመታት የሚመላለስ ሰው ግን ፊልሙን ይወደዋል።

«የፈረንጅ ነገር ነው» የሚለኝ ጎንደሬ ግን ያናድደኛል። አዝማሪ ቤት ገብተህ «ተቀበል!» ብለህ ግጥም ሰጥተህ አታውቅም? ቪዲዮ ቤት ያደገ ሰውስ? ጠላት ከጀርባ ሲመጣ ቤቱ ሙሉ «ከኋላህ!» ይል አልነበር?

አሁን ወደ ጩኸቱ። «ሮኪ ሆረር ፒክቸር ሾው» የተባለው የሙዚቃ ፊልም በ1975 እ.ኤ.አ. ሲወጣ ገበያ አላገኘም። ነፍስ የዘራው በ1976 ኒው ዮርክ በሚገኘው ዌቨርሊ ቲያትር እኩለ ሌሊት ላይ መታየት ሲጀምር ነው። አንዷ ገጸ ባሕርይ በዝናብ ጋዜጣ ራሷ ላይ ይዛ ስትሄድ፣ ከተመልካቹ አንዱ «ጃንጥላ ግዢ!» አላት። ከዚያ በኋላ የመጡት መልሶች አብዛኞቹ በንግግርና በንግግር መሐል ባለች ክፍተት የሚገቡ ናቸው። በ2003 የወጣው «ዘ ሩም» የተባለ ፊልም ላይም የፕላስቲክ ማንኪያ የሚወረወረው በፍሬም የተቀመጠው የማንኪያ ፎቶ ሲታይ እንጂ እንደተገኘ አይደለም።

አንድ ከአዘዞ የሚመጣ ልጅ ነበር። መጀመሪያ የመጣ ሌሊት በእያንዳንዱ ንግግር ላይ ሲጮህ ሰው ሁሉ ዝም አለበት፤ ማንም ምንም አልሰማማ። ሌላ ጊዜ የኩንግ ፉ ፊልም እያየን ሽማግሌው መምህር ሻዩን ጨልጦ ስኒውን ቀስ ብሎ አስቀመጠ። አዳራሹ ጸጥ አለ። ልጁ በለሆሳስ «አባቴ፣ ይጨመርልዎ?» ሲል ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። አንድ መስመር፣ በሰዓቱ። ጥበቡ ይኸው ነው።

እና ልትመጡ ካሰባችሁ ፊልሙን አስቀድማችሁ እዩት። ሰው የተናገረበት ላይ አትደርቡ። ሮኪ ሆረር ላይ በሠርጉ ትዕይንት ሩዝ ይበተናል፤ እኛ ጋ አይሆንም። ፎገራ ሩዝ የሚዘራ ገበሬ ጎረቤታችን እያለ እህል መሬት ላይ መበተን ነውር ነው። ወረቀት ቆራርጠን እንበትናለን፣ ንጋት ላይ እንጠርገዋለን። ለምታዘጋጁ ደግሞ፣ ሌሊት 9 ሰዓት ላይ ንግግር የበዛበት ረጅም ፊልም አታስገቡ፤ በዚያ ሰዓት አጫጭር ትዕይንትና ዘፈን ነው ሰው የሚያነቃው። ጋቢ አትርሱ፣ የጎንደር ሌሊት ይበርዳል። አዲስ ከሆናችሁ መሐል ተቀመጡ። ፊት ያሉት የለመዱት ናቸው፤ መቼ ዝም እንደሚሉ እነሱን እዩ።