በጎንደር የቫይታሚን ሲ ልኬት

ቫይታሚን ሲ ሲነሳ ጎንደሬው መጀመሪያ የሚጠራው ብርቱካንን ነው፤ ቀጥሎ ሎሚን፤ ጉንፋን ከያዘው ደግሞ ከመድኃኒት ቤት የሚገዛውን የሚታኘክ ክኒን። ገበታው ዳር የተቀመጠውን ቃሪያ የሚጠራ እምብዛም አይገኝም። በውጭ አገር በተዘጋጁ የምግብ ይዘት ሠንጠረዦች ግን 100 ግራም ብርቱካን 53 ሚሊ ግራም ገደማ ቫይታሚን ሲ ሲኖረው፣ 100 ግራም ጥሬ አረንጓዴ ቃሪያ 240 ሚሊ ግራም ገደማ ይዞ ተመዝግቧል። በዚህ ስሌት አንድ ደህና ቃሪያ ለአንድ ጎልማሳ የቀን ፍላጎት ይበቃል። ስሌቱ የሚሠራው ግን ለሠንጠረዡ የተለካው ቃሪያና በቅዳሜ ገበያ የተሸጠው ቃሪያ ከተመሳሰሉ ነው። ዝርያው፣ የበሰለበት ደረጃ፣ ከተቀጠፈ በኋላ በፀሐይ የቆየበት ሰዓት፣ የተለካበት ዘዴ፤ ሁሉም ቁጥሩን ይለውጡታል። የቫይታሚን ሲ ልኬት ማለት እንግዲህ በምግብ ወይም በክኒን ውስጥ ያለውን አስኮርቢክ አሲድ መጠን በኬሚካል ዘዴ መወሰን ሲሆን፣ ውጤቱ የአንድ ናሙና በአንድ ሰዓት የነበረው ይዘት እንጂ የፍሬው ቋሚ መታወቂያ አይደለም።

የሚጠፋ ነገርን መለካት

አስኮርቢክ አሲድ ነጭ ዱቄት ነው። ደርቆና ከብርሃን ተጠብቆ ሲቀመጥ ረጅም ጊዜ ይቆያል፤ ጣጣው የሚመጣው በውሃ ከሟሟ በኋላ ነው። ከአየሩ ኦክስጅን ጋር ሲገናኝ ኤሌክትሮኖቹን ይሰጥና ዲሃይድሮአስኮርቢክ አሲድ ይሆናል። ይህ ሁለተኛ መልኩ በሰውነት ውስጥ ወደ ቀድሞው ስለሚመለስ ገና እንደ ቫይታሚን ይቆጠራል። አንድ እርምጃ አልፎ ዲኬቶጉሎኒክ አሲድ ከሆነ ግን መመለሻ የለውም። ሙቀት፣ ብርሃን፣ በተለይም መዳብ ይህን ጉዞ ያፋጥኑታል። አትክልት ሲከተፍ ደግሞ በሕዋሶቹ ውስጥ ተለያይተው የነበሩት ቫይታሚንና ኢንዛይም (ኬሚካላዊ ለውጥን የሚያፋጥን ፕሮቲን) ይቀላቀላሉ፤ ጎመኑ ገና ድስት ሳይገባ መክተፊያው ላይ እያለ ይዘቱ መቀነስ ይጀምራል።

መለኪያው የተገኘውም ከዚሁ ድክመት ነው። ኤሌክትሮን ለመስጠት ይህን ያህል የሚቸኩል ነገር ለሌላ ኬሚካልም ይሰጣል፤ ያ ኬሚካል ሲቀበል ቀለሙ የሚለወጥ ከሆነ ደግሞ ምን ያህል እንደተሰጠ በዓይን ይታያል። ስለዚህ የላቦራቶሪው የመጀመሪያ ተግባር ማቆየት ነው፤ መለካት ከዚያ በኋላ ይመጣል። ናሙናው እንደተከተፈ በሜታፎስፎሪክ ወይም በኦክሳሊክ አሲድ ውስጥ ይፈጫል። አሲዱ ኢንዛይሙን ያስቆማል፤ ብረትና መዳብንም ያስራል። የቧንቧ ውሃ ለዚህ ሥራ አይሆንም፤ ለማከሚያ የተጨመረበት ክሎሪን ራሱ ቫይታሚኑን ያጠፋዋልና የተጣራ ውሃ የግድ ነው።

ኬሚስቶች እዚህ ከመድረሳቸው በፊት መለኪያው እንስሳ ነበር። ላምና ፍየል ቫይታሚን ሲን በሰውነታቸው ያዘጋጃሉ፤ ሰውና ጊኒ ፒግ የተባለው አይጥ መሰል እንስሳ ግን አይችሉም። የኖርዌይ ተመራማሪዎቹ አክሰል ሆልስትና ቴዎዶር ፍሮሊክ እ.ኤ.አ. በ1907 ጊኒ ፒጎች እህል ብቻ ሲመገቡ ድድን የሚያደማው ስከርቪ እንደሚይዛቸው አሳዩ። ከዚያ በኋላ የአንድ ምግብ የቫይታሚን ይዘት የሚገመተው ጊኒ ፒጎቹን ከበሽታው ለማዳን ስንት ግራም እንዳስፈለገ በማየት ሆነ፤ ሳምንታት የሚፈጅ ሥራ ነበር። አልበርት ሰንት ጆርጂ ንጥረ ነገሩን እ.ኤ.አ. በ1928 ለይተው ያወጡ ሲሆን፣ በኋላ ሴጌድ በተባለችው የሃንጋሪ ከተማ በብዛት ያገኙት ከበርበሬ ነው፤ የእኛው በርበሬ ከሚመደብበት ዝርያ። እ.ኤ.አ. በ1937 በሕክምና ዘርፍ የኖቤል ሽልማት ተቀበሉ። በርበሬ አገር ተቀምጦ ቫይታሚን ሲን ከብርቱካን ብቻ ለሚጠብቅ ሰው ይህ ታሪክ ቢነገረው አይከፋም።

ሳይለኩ ማመን ምን እንደሚያስከትል የብሪታኒያ ባሕር ኃይል ያውቀዋል። ሐኪሙ ጄምስ ሊንድ እ.ኤ.አ. በ1747 ብርቱካንና ሎሚ የታመሙ መርከበኞችን እንደሚያድኑ በሙከራ አሳይቶ ነበር። ከመቶ ዓመት በላይ ቆይቶ፣ እ.ኤ.አ. በ1860ዎቹ፣ ባሕር ኃይሉ ትልቁን የሜዲትራኒያን ሎሚ ትቶ ወደ ካሪቢያን ትንሽ አረንጓዴ ሎሚ ዞረ። ይህኛው በቫይታሚን ሲ ደከም ያለ ነው፤ ጭማቂውም በመዳብ ቧንቧ እያለፈ ይዳከም ነበር። እ.ኤ.አ. በ1875 ወደ ሰሜን ዋልታ የተላከው ቡድን ሎሚውን ይዞ ሄዶም በስከርቪ ተመታ።

ዘዴዎቹ

በጣም ርካሹ የአዮዲን ታይትሬሽን ነው። ጭማቂው ፍላስክ ውስጥ ይገባል፣ ጥቂት የስታርች ውሃ ይጨመርበታል፣ መጠኑ የታወቀ የአዮዲን ውሕድ ቡሬት ከተባለው ልኬት የተጻፈበት ቱቦ በጠብታ ይወርድበታል። ቫይታሚን ሲ እስካለ ድረስ አዮዲኑ እየጠፋ ይሄዳል፤ ቫይታሚኑ ሲያልቅ የመጀመሪያዋ ትርፍ ጠብታ ከስታርቹ ጋር ተገናኝታ ፈሳሹን ጥቁር ሰማያዊ ታደርገዋለች። ጥንካሬው 0.005 ሞላር (በአንድ ሊትር 0.005 ሞል) በሆነ አዮዲን አንድ ሚሊ ሊትር 0.88 ሚሊ ግራም ቫይታሚን ሲን ይበላል። ለምሳሌ 10 ሚሊ ሊትር የሎሚ ጭማቂ 4.5 ሚሊ ሊትር አዮዲን ቢፈጅ፣ ይዘቱ ወደ 4 ሚሊ ግራም፣ በ100 ሚሊ ሊትር 40 ሚሊ ግራም ገደማ ይሆናል ማለት ነው።

የአዮዲን ችግሩ አለመምረጡ ነው። ጭማቂን ከመበላሸት ለመጠበቅ የሚጨመረው ሰልፋይት፣ አንዳንድ ታኒኖችና ሌሎች ኤሌክትሮን ሰጪዎች ሁሉ አዮዲኑን ይበላሉ፤ ውጤቱም ከእውነተኛው በላይ ይሆናል። ዲክሎሮፌኖል ኢንዶፌኖል የተባለው ሰማያዊ ቀለም ለምግብ የሚመረጠው ለዚህ ነው፤ እንከን የለሽ ባይሆንም የተሻለ ይለያል። በአሲድ ውስጥ ሮዝ የሚመስለው ቀለም ቫይታሚን ሲ ሲያገኘው ይነጣል፤ የሥራው ማብቂያ ፈሳሹ ውስጥ ፈዛዛ ሮዝ ጥቂት ሴኮንድ ሳይጠፋ ሲቆይ ነው። ይህ ዘዴ ግን ዲሃይድሮአስኮርቢክ አሲድን አያይም። ትኩስ ቃሪያ ላይ ልዩነቱ ትንሽ ነው፤ ለቀናት በቆየ ወይም በተጠበሰ ምግብ ላይ ግን ገና የሚጠቅመውን ክፍል እንደጠፋ ሊያስቆጥር ይችላል። ቀይ ሥርን በሁለቱም ዘዴ መለካት ደግሞ ዓይንን ማድከም ነው፤ የራሱ ቀለም ማብቂያውን ይሸፍነዋል።

ይህን ሁሉ የሚፈታው ኤች ፒ ኤል ሲ የተባለው መሣሪያ ነው። በናሙናው ውስጥ ያሉትን ንጥረ ነገሮች በከፍተኛ ግፊት በቀጭን ቱቦ አሳልፎ አንዱን ከሌላው ይለያል፤ ቫይታሚን ሲን በ245 ናኖ ሜትር አካባቢ በሚወድቅ የማይታይ ብርሃን ያነብበዋል። ዲሃይድሮ መልኩንም አስቀድሞ በሌላ ኬሚካል ወደ አስኮርቢክ አሲድ በመመለስ ጠቅላላውን ማግኘት ይቻላል። ዋጋው፣ የንጹሕ ፈሳሾቹ ወጪና የማያቋርጥ መብራት መፈለጉ ግን ለየዕለቱ ሥራ ከባድ ያደርገዋል። በእኔ አመለካከት ለገበያ ቃሪያና ለሎሚ በጥንቃቄ የተሠራ ታይትሬሽን በቸልታ ከተሠራ ኤች ፒ ኤል ሲ ይሻላል።

ከገበያ እስከ ድስት

ናሙና አወሳሰድ ከዘዴው በላይ ውጤቱን ያዛባል። ወደ ጎንደር ከፎገራ የሚመጣ ቲማቲም፣ ከዳባትና ከደባርቅ ወገን የሚወርድ ድንች በየጊዜው ዕድሜው ይለያያል። አዲስ የተቆፈረ ድንች ለወራት በጎተራ ሲቆይ ይዘቱ ከግማሽ በታች ሊወርድ ይችላል፤ ሁለቱም ገበያ ላይ ድንች ተብለው ይሸጣሉ። ስለዚህ ከአንድ ሻጭ ሁለት ፍሬ ወስዶ «የጎንደር ድንች ይህን ያህል አለው» ማለት አይቻልም። ከብዙ ሻጮች ተሰብስቦ፣ ታጥቦ፣ የማይበላው ተልጦ፣ ተደባልቆ ነው የሚለካው። የተገዛበት ቀንና ሰዓት ያልተጻፈበት ውጤት ለሌላ ሰው አይጠቅምም።

ከተማዋ ከባሕር ጠለል በላይ 2,100 ሜትር ገደማ ላይ ስለምትገኝ ውሃ የሚፈላው በ93 ዲግሪ ሴልሺየስ አካባቢ ነው። ሙቀቱ ዝቅ ማለቱ ቫይታሚኑን የሚያድነው ይመስላል፤ ነገር ግን አትክልቱ እስኪበስል የሚቆይበት ጊዜ ይረዝማል። ከሙቀቱም በላይ የሚጎዳው ውሃው ነው። የሐበሻ ጎመን ተቀቅሎ ውሃው ተጨምቆ ሲደፋ፣ ሟሙቶ የወጣው ቫይታሚንም አብሮ ይደፋል። ይህን ማወቅ የሚፈልግ ሰው ጎመኑን ጥሬውን፣ የተቀቀለውንና የቅቅሉን ውሃ ለየብቻ መለካት አለበት፤ ከጥሬው ይዘት በተቀቀለውም በውሃውም ውስጥ ያልተገኘው በሙቀትና በአየር የጠፋው ነው። በፀሐይ የደረቀ በርበሬም የትኩሱን ያህል አይቆጠርም፤ አብዛኛው ይዘቱ በማድረቂያው ላይ አልቋል።

ጤፍ፣ ደረቅ ባቄላና ምስር ቫይታሚን ሲ የላቸውም ቢባል ማጋነን አይሆንም። ባቄላው ጉንቁል ሲሆን ግን ይፈጠራል፤ ብሪታኒያዊቷ ተመራማሪ ሃሪየት ቺክ በአንደኛው የዓለም ጦርነት ዘመን የበቀለ ጥራጥሬን ለስከርቪ መከላከያነት ያጠኑት ለዚህ ነው። በጾም ወራት ሌላ ጥቅም አለው። በምስርና በሽሮ ውስጥ ያለው ብረት ለሰውነት በቀላሉ አይገባም፤ በዚያው ማዕድ ላይ ጥሬ ቃሪያ ስንግ ወይም የሎሚ ጭማቂ ያለበት ሰላጣ ሲኖር የሚገባው መጠን ይጨምራል።

በደጋው አጥር ላይ የሚበቅለው ቀጋ እረኞች እየለቀሙ የሚበሉት የጽጌረዳ ዘመድ ነው። በሌሎች አገሮች የተለኩ የዚህ ቤተሰብ ፍሬዎች በ100 ግራም በመቶዎች የሚቆጠር ሚሊ ግራም ይይዛሉ። ወደ መተማና ቋራ ቆላ ሲወረድ የባኦባብ ፍሬ አለ፤ በውስጡ ያለው ደረቅ ዱቄት ይዘቱ ከዛፍ ዛፍ በእጥፍ የሚለያይ በመሆኑ ይታወቃል። ሁለቱም ከውጭ ከሚመጣ ክኒን ይልቅ ለተማሪ መመረቂያ ጽሑፍ የተገቡ ርዕሶች ናቸው።

ክኒኑ

ክኒን ለመለካት ይቀላል፤ ከምግብ ያነሱ ጣልቃ ገቦች አሉት። ደንቡ ሃያ ክኒን መዝኖ አማካዩን መያዝ፣ ፈጭቶ ማደባለቅ፣ ከዱቄቱ የአንድ ክኒን ክብደት መውሰድ ነው። 500 ሚሊ ግራም የሚል ክኒን በ250 ሚሊ ሊትር ቢሟሟ፣ 10 ሚሊ ሊትሩ 20 ሚሊ ግራም መያዝ ይኖርበታል፤ ከላይ ከተጠቀሰው አዮዲን 22.7 ሚሊ ሊትር ይፈጃል። የአሜሪካ መድኃኒት መለኪያ መጽሐፍ ከተጻፈው 90 እስከ 110 በመቶ ድረስ ይፈቅዳል፤ ስለዚህ ከ20.4 እስከ 25 ሚሊ ሊትር ያለው ሁሉ ያልፋል። አምራቾች በመደርደሪያ ላይ የሚጠፋውን አስበው ትንሽ ትርፍ መጨመራቸው የተለመደ ስለሆነ፣ አዲስ ክኒን ከ100 በመቶ በላይ ቢያሳይ ስህተት ነው ተብሎ አይጣልም።

መለያው ላይ የተጻፈውን በጥንቃቄ ማንበብ ያስፈልጋል። 1,000 ሚሊ ግራም ሶዲየም አስኮርቤት ማለት 889 ሚሊ ግራም አስኮርቢክ አሲድ ነው፤ ቀሪው ሶዲየም ነው። ውሃ ውስጥ የሚፈላው ዓይነት ከመለካቱ በፊት ጋዙ ወጥቶ ማለቅ አለበት፤ የብርቱካን ቀለሙም ማብቂያውን ያደበዝዛል። ክዳኑ ውስጥ ያለችው እርጥበት መሳቢያ ለጌጥ አልተቀመጠችም፤ ክኒኑ ከቱቦው ወጥቶ በፌስታል ተቆጥሮ ሲሸጥ ጥበቃው ያበቃል። ወደ ቡናማ የዞረ ክኒን ሳይለካም መበላሸቱ ያስታውቃል።

የዓለም ጤና ድርጅትና የምግብና እርሻ ድርጅት ለጎልማሳ በቀን 45 ሚሊ ግራም ይበቃል ሲሉ፣ የአሜሪካ ምክር ለወንድ 90 ለሴት 75 ነው፤ የላይኛው ገደብ 2,000 ነው። አንድ ሺህ ሚሊ ግራም የሚውጥ ሰው አብዛኛውን ትርፍ በሽንት ያስወጣዋል። በሌላው ጫፍ፣ እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ በሱዳንና በሶማሊያ መጠለያዎች በነበሩ ኢትዮጵያውያን ስደተኞች መካከል ስከርቪ በወረርሽኝ መልክ ታይቷል፤ የሚታደላቸው ደረቅ እህልና ዘይት ካሎሪ ነበረው፣ ቫይታሚን ሲ ግን አልነበረውም።

ሥራው የሚሠራበት

የጎንደር ዩኒቨርሲቲ እ.ኤ.አ. በ1954 የሕዝብ ጤና ኮሌጅና ማሠልጠኛ ሆኖ የተመሠረተ ሲሆን፣ ዛሬ ከሕክምናው በተጨማሪ ፋርማሲና ኬሚስትሪ ያስተምራል። ለአገሪቱ ምግቦች መነሻ የሚሆነው የቀድሞው የኢትዮጵያ ጤናና ሥነ ምግብ ምርምር ኢንስቲትዩት ያዘጋጀው የምግብ ይዘት ሠንጠረዥ ነው። በመድኃኒትነት የተመዘገቡ ክኒኖችን የሚቆጣጠረው የኢትዮጵያ የምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን ነው።

ቡሬት የሌለው የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤትም ባዶ እጁን አይደለም። ከመድኃኒት ቤት የተገዛ የአዮዲን ቲንክቸር፣ የድንች ቅቅል ውሃና ጠብታ ማውረጃ ይበቃሉ። 500 ሚሊ ግራም ክኒን በግማሽ ሊትር የተጣራ ውሃ ይሟሟል፤ 10 ሚሊ ሊትሩ እስኪጠቁር ስንት ጠብታ እንደፈጀ ይቆጠራል፤ ከዚያ 10 ሚሊ ሊትር የሎሚ ጭማቂ በዚያው ማውረጃ ይደገማል። ክኒኑ 30፣ ሎሚው 12 ጠብታ ቢፈጁ፣ ሎሚው 4 ሚሊ ግራም ይዟል። ድክመቱ ክኒኑ ራሱ መለኪያ ሆኖ መቅረቡ ነው፤ ይዘቱ ከተጻፈው ቢያንስ ሎሚው ያለ አግባብ ይወደሳል። መፍትሔው ንጹሕ የአስኮርቢክ አሲድ ዱቄት ነው፤ ውሕዱም በዚያው ቀን ይዘጋጃል፣ ለነገ አይቀመጥም።