«ቀጭ አድርጎ ይመልሰዋል»፦ ስለ ኩንግ ፉ ወጌሻዎች የሚወራውና እውነቱ

ኩንግ ፉ ሲለማመድ ቁርጭምጭሚቱ የዞረበት ሰው የሚሰጠው ምክር ሁልጊዜ አንድ ነው፦ «ማስተሩ ጋ ሂድ፣ ቀጭ አድርጎ ይመልሰዋል፤ ከዚያ በቻይና መድኃኒት ታሽ።» ምክሩ ከፊልም የተቀዳ ነው። ሙያው ግን እውነተኛ ነው። በካንቶንኛ፣ በደቡብ ቻይና ቋንቋ፣ «ዲት ዳ» ይባላል፤ «መውደቅና መመታት» ማለት ነው። በደቡብ ቻይና ልምምድ ቤቱና ሕክምናው በአንድ ጣሪያ ሥር ነው ያደጉት። ፊልም ዝነኛ ያደረገው ዎንግ ፌይ ሁንግ ራሱ ሁንግ ጋር የተባለውን ስልት እያስተማረ፣ በጓንግዡ ከተማ ፖ ቺ ላም የሚባል የሕክምና ቤት ነበረው።

«ጎበዝ ተፋላሚ ሁሉ ሐኪም ነው።» አይደለም። ማስተሩ የሚጠራበት «ሲፉ» የሚለው ቃል ለወጥ ሠሪውም ለሹፌሩም ይባላል። ሆንግ ኮንግ እ.ኤ.አ. በ1999 ያወጣችው ሕግ የቻይና ሕክምና ባለሙያን የሚመዘግበው በጠቅላላ ሕክምና፣ በአኩፓንክቸር (በመርፌ መውጋት) እና በአጥንት ሕክምና ነው። በቀበቶ ቀለም የሚሰጥ ፈቃድ የለም።

«ነጥብ ነክቶ ከሳምንት በኋላ ይገድላል።» ፊልም።

«የዲት ዳ ቅባት እጅን ብረት ያደርጋል።» እጅ የሚጠነክረው ለወራት ቀስ በቀስ በሚጨመር ምት ነው።

አሁን ወደ ዋናው፦ «መጀመሪያ እሸው፣ ካልተሻለው ራጅ ይነሳል።» ብዙ እግር ያበላሸው ይህ ነው፤ ቅደም ተከተሉ ተገልብጧል። ማንም እጁን ቅባት ከማስነካቱ በፊት ተጎጂውን አራት እርምጃ ያራምደው። ቀጥሎ በቁርጭምጭሚቱ ግራና ቀኝ ያሉትን ሁለት ጉብታዎች ከጫፋቸው ጀምሮ ወደ ላይ ስድስት ሴንቲ ሜትር ድረስ፣ በኋላ ጠርዛቸው በኩል፣ በአውራ ጣት ይጫን። ከዚያም በእግሩ ውጫዊ ጎን መሐል ላይ ያለችውን የአጥንት ጉብታና በውስጠኛው ጎን ከቁርጭምጭሚቱ ፊት ያለውን አጥንት ይጫን። መራመድ ካልቻለ፣ ወይም ከእነዚህ በአንዱ ላይ አጥንቱ ራሱ ካመመው፣ ጉዞው ወደ ራጅ ነው።

ራጁ ስብራት የለም ቢልም ወዲያው አይታሽም። ደም ሥሮቹ ገና መበጠሳቸው ነው፤ ሲያሹት ይብስ ይደማል፣ ማታ ላይ እግሩ ጫማ አልገባ ይላል። ሥራውን የሚያውቅ የዲት ዳ ሰው በመጀመሪያዎቹ ሁለት ቀናት የሚያስቀምጠው «ሳን ሁዋንግ ሳን» የተባለውን ቀዝቃዛ ልጥፍ ነው። ስሙ «የሦስቱ ቢጫዎች ዱቄት» ማለት ሲሆን ከሦስት ዕፅዋት ይዘጋጃል። ዱቄቱ በውኃ እንደ ሊጥ ተለውሶ፣ በጋዝ ጨርቅ ላይ ተቀብቶ ይታሰራል። የሚሞቀው ቅባት ተራ የሚደርሰው ትኩሳቱ ከወጣ በኋላ ነው። ለማወቅ የእጅን ጀርባ በሁለቱም ቁርጭምጭሚቶች ላይ አሳርፎ ማነጻጸር ይበቃል።

«ቀጭ» የሚለው ድምፅስ? በመገጣጠሚያው ፈሳሽ ውስጥ የሚፈጠር የጋዝ አረፋ ነው እንጂ አጥንት ወደ ቦታው ሲገባ አይደለም። የተሰበረ የእጅ አንጓ የሚመለሰው በመንጭቅ ሳይሆን በትዕግሥት ነው፤ አንዱ ክርኑን ይይዛል፣ ሌላው መዳፉን ሳያቋርጥ ይስባል፣ ጡንቻው ሲደክም አጥንቱ በአውራ ጣት ይገፋል። በቲያንጂን ያሉ የአጥንት ሐኪሞች እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ ይህን አሠራር ከራጅ ጋር አዋህደው ሲጠቀሙበት ነበር። ከዚያ አራት ቀጫጭን የእንጨት ሳንቃዎች ይታሰራሉ። የማሰሪያው ልክ ይታወቃል፦ ጨርቁ በጣት ሲገፋ ወደ ላይና ወደ ታች አንድ ሴንቲ ሜትር መንሸራተት አለበት። ዕብጠቱ በቀጣዮቹ ቀናት ስለሚጨምር በማግስቱ እንደገና ይታያል።

በጥብቅ ከታሰረ ጡንቻው በገዛ ዕብጠቱ ይታፈናል። የመጀመሪያው ምልክት ጣቶቹን ሌላ ሰው ቀስ ብሎ ሲዘረጋቸው የሚመጣ የማይቻል ሕመም ነው፤ መደንዘዝና መገርጣት በኋላ ይመጣሉ። ማሰሪያውን በዚያው ደቂቃ ፈትቶ ሆስፒታል መሮጥ ነው፤ ጡንቻ የሚጠብቀው ስድስት ሰዓት ገደማ ብቻ ነው። በእኛም አገር በቀርከሃ ተጠፍሮ ጠቁሮ ለመቆረጥ የሚደርሰው እጅ ታሪኩ ይኸው ነው። «ስለታመመው አይደለም የሚጮኸው፣ ሊድን ሲል ነው» የሚል ሰው አጠገቡ ካለ ይባረር።

«ቅባቱ የቻይና ተራራ ምስጢር ነው።» ከዋና ዋናዎቹ ቅመሞች ሁለቱ ዕጣንና ከርቤ ናቸው፤ የሚሄዱትም ከእኛ አካባቢ ነው። የቻይና መንግሥት የመድኃኒት መዝገብ ዕጣንን «የሶማሊያ» እና «የኢትዮጵያ» ብሎ በስም ይለየዋል። ሙጫቸው በውኃ ሙሉ በሙሉ ስለማይሟሟ ነው መድኃኒቱ በአልኮል የሚዘፈዘፈው፦ ለአንድ ሊትር ጠንካራ አልኮል መቶ ግራም ገደማ የተከካ ቅመም፣ በመስታወት ዕቃ፣ ጨለማ ቦታ፣ ቢያንስ ስድስት ሳምንት። ዝቃጩ ከታች ስለሚቀር በየጊዜው ይናጣል።

«ከውጭ የሚያድን ከውስጥም ያድናል፣ ትንሽ ይጠጣ።» በብዙ የዲት ዳ ቅመማዎች ውስጥ «ቻዎ ዉ» የተባለ ሥር አለ። መርዙ አኮኒቲን ነው፤ መጀመሪያ ከንፈርና ምላስን ያደነዝዛል፣ ከዚያ የልብን ምት ያዛባል፤ ማርከሻ የለውም። ቆዳ በተላጠበት ቦታ፣ በእርግዝና ጊዜና ዋርፋሪን የተባለውን የደም ማቅጠኛ ለሚወስድ ሰው ቅባቱም ቢሆን አይነካም። ከተቀቡ በኋላ እጅ በሳሙና ይታጠባል፤ ዓይንም እንጀራም ከዚያ በኋላ ነው። መልኩ ቡናማ፣ ሽታው የአረቄ ስለሆነም በአረቄ ጠርሙስ ቀድቶ መደርደሪያ ላይ ማስቀመጥ አይገባም፤ ስሙና «አይጠጣም» የሚለው ቃል በትልቁ ተጽፎበት ከወጥ ቤት ውጭ ይቆለፍበት።