ዲስሌክሲያ ምንድን ነው? የሳይንስ ክፍል ውስጥስ ምን ይደረግ?

ልጁ ስለ ፎቶሲንተሲስ ሲያስረዳችሁ ትገረማላችሁ። ያንኑ ነገር ከመጽሐፉ አንብብ ስትሉት ግን መስመሩ ይጠፋበታል፣ ፊደል ይዘላል፣ ላብ ያጠምቀዋል። ብዙ ጊዜ «ሰነፍ ነው» ተብሎ ይታለፋል። ሰነፍ አይደለም። ዲስሌክሲያ ሊሆን ይችላል።

ዲስሌክሲያ አእምሮ ድምፅንና ፊደልን ለማገናኘት ሲቸገር የሚመጣ የንባብና የጽሕፈት ችግር ነው። የዓይን በሽታ አይደለም፤ የማሰብ ችሎታ ማነስም አይደለም። ብዙ ጊዜ በቤተሰብ ይወረሳል። በጥሩ ትምህርት ንባቡ ይሻሻላል እንጂ እንደ ጉንፋን ለቅቆ አይሄድም። ቴሎሜሬዝ የተባለውን ኢንዛይም ካገኙት አንዷ የሆነችው፣ እ.ኤ.አ. በ2009 ኖቤል የተሸለመችው ካሮል ግሬይደር ዲስሌክሲያ አለባት። እ.ኤ.አ. በ2017 በኬሚስትሪ የተሸለመው ዣክ ዱቦሼም እንዲሁ።

የእኛ ልጅ 33ቱን ፊደል ከነሰባት ቤቱ፣ 231 ቅርጽ መለየት አለበት። ሰ እና በ፣ ነ እና ኘ ይምታቱበታል። ዘጠነኛ ክፍል ሲገባ ደግሞ ባዮሎጂውም ፊዚክሱም በእንግሊዝኛ ይሆናል፤ እዚያ አንዱ ፊደል ከቃል ቃል ድምፁን ስለሚቀያይር ሸክሙ እጥፍ ነው።

ታዲያ ምን ይደረግ? ጎንደር ላለ መምህር ምሳሌው ደጁ ላይ ነው። የፋሲል ግንብ ድንጋዮች የተያያዙት በኖራ ነው። በውሃ የተቦካ ኖራ ከአየር ካርቦን ዳይኦክሳይድ እየወሰደ ቀስ በቀስ ወደ ካልሲየም ካርቦኔት ይለወጣል፣ ይጠነክራል። ይህን በሁለት ገጽ ጽሑፍ ብቻ ከሰጣችሁት ልጁ ሁለተኛው መስመር ላይ ይቀራል። ግንቡን ይይ፣ ሂደቱን በሥዕል አሳዩት። የእንቁላል ቅርፊትም በአብዛኛው ካልሲየም ካርቦኔት ነውና ክፍል ውስጥ ሎሚ ይጭመቅበት፤ አረፋው ሲወጣ ከየት እንደመጣ በአፉ ይንገራችሁ። ከዚያ ወደ ጽሑፉ ሲመለስ ቃላቱን ያውቃቸዋል።

ፈተና ላይም ጥያቄውን የሚያነብለት ሰው ይመደብለት፣ ሰዓት ይጨመርለት፣ መልሱን በቃል ይስጥ። «ለሌሎቹ ግፍ ነው» የሚሉ አሉ፤ አልስማማም። ጥያቄው ስለ ስበት ከሆነ የንባብ ፍጥነት ምን አገባው? ደግሞስ ጎንደር የአቋቋም አገር ናት። የአብነት ተማሪ ከመምህሩ አፍ እየሰማ ይቀጽላል፣ በቃሉ ይይዛል፣ በቃሉ ይፈተናል፤ እውቀቱን ግን ማንም አያሳንስበትም። የባዮሎጂ ተማሪ በቃሉ ሲመልስ ለምን ያንሳል?

ሳይዘጋጅ ክፍል ፊት አስነስቶ ማስነበብ ግን ዛሬውኑ ይቅር። ልጁ ሳይንስን ሳይሆን ውርደትን ነው የሚማረው።

ልጃችሁ ላይ ይህን ካያችሁ መጀመሪያ ዓይኑንና ጆሮውን አስመርምሩ። እነሱ ደህና ከሆኑ የሳይንስ መምህሩን አግኙና ከሚቀጥለው ምዕራፍ ጥቂት ጥያቄ በቃል እንዲጠይቀው ለምኑት።