ልጅ ዕድገቱ ሲዘገይ፦ ቤተሰብን ማዕከል ያደረገ ምዘናና ቅድመ ድጋፍ በአሜሪካ

በአሜሪካ አንድ ሕፃን አፉን ለመፍታት፣ ለመራመድ ወይም ከሰው ጋር ለመግባባት ሲዘገይ ወላጆቹ በነፃ የሚያስመዝኑበት ሥርዓት አለ። ኧርሊ ኢንተርቬንሽን ይባላል፤ እኛ ቅድመ ድጋፍ እንበለው። በዚህ አሠራር ልጁ የሚታየው ከቤቱ፣ ከውሎውና ከሚያሳድጉት ሰዎች ጋር ነው። እናት፣ አባት ወይም ልጁን የያዘች አያት የሚሉት ነገር እንደ መረጃ ይመዘገባል። በውሳኔውም ላይ እኩል ድምፅ አላቸው።

መሠረቱ ሕግ ነው። እ.ኤ.አ. በ1975 የወጣ የፌዴራል ሕግ የአካል ጉዳት ያለባቸው ልጆች ነፃ የመንግሥት ትምህርት እንዲያገኙ ደነገገ። በ1986 ሲሻሻል ከልደት እስከ 3 ዓመት ላሉ ሕፃናት አዲስ ፕሮግራም ተጨመረበት፤ ከ3 እስከ 5 ዓመት ያሉትንም በደንብ አካተተ። በ1990 አይዲኢኤ የሚለውን ስም ያዘ። ዛሬ የሕፃናቱ ክፍል «ፓርት ሲ» ይባላል። ከ3 ዓመት በላይ ያሉት ደግሞ በ«ፓርት ቢ» ሥር ናቸው። ይህ ክፍፍል ለወላጅ ትልቅ ትርጉም አለው፤ ወደ በኋላ እንመለስበታለን።

ለመጀመር የሐኪም ወረቀት አያስፈልግም። ወላጅ ራሱ ስልክ ደውሎ «ልጄ ያሳስበኛል» ማለት ይችላል። ሐኪም ወይም የልጆች ማቆያም ሊልክ ይችላል። የአሜሪካ የሕፃናት ሐኪሞች ማኅበር ማንኛውም ልጅ በ9፣ በ18 እና በ30 ወሩ የዕድገት ማጣሪያ እንዲደረግለት ይመክራል። በ18 እና በ24 ወር ደግሞ የኦቲዝም ማጣሪያ ይታከላል። ማጣሪያ ማለት ወላጅ የሚሞላው አጭር መጠይቅ ነው። ልጁ ችግር አለበት ብሎ አይፈርድም፤ ጠለቅ ብሎ መታየት እንዳለበት ብቻ ይጠቁማል።

ብዙ ቤተሰብ የሚዘገየው እዚህ ላይ ነው። «ወንድ ልጅ ቶሎ አያወራም»፣ «አባቱም እስከ አራት ዓመቱ ዝም ያለ ነበር»፣ «ሁለት ቋንቋ አደናግሮት ነው» ይባላል። ዘመድ የሚለው ለማጽናናት ነው፣ ክፋት የለውም። ነገር ግን ሁለት ቋንቋ የንግግር መዘግየት አያመጣም። ሐኪምም ሆነ አስተማሪ «አማርኛውን ተዉና በእንግሊዝኛ ብቻ አናግሩት» ቢል ምክሩ ስህተት ነው። ልጁ የሚናገረው ቃል ሲቆጠርም የሁለቱም ቋንቋ ተደምሮ መሆን አለበት። መዘግየቱ እውነት ከሆነ በሁለቱም ቋንቋ ይታያል። የመጀመሪያዎቹ ዓመታት አንጎል በፍጥነት የሚያድግባቸው ናቸውና፣ እያዩ መጠበቅ ልጁን ያስከፍለዋል። አስመዝኖ «ደህና ነው» መባል ግን ማንንም አይጎዳም።

ልጁ ለፕሮግራሙ ከተጠቆመበት ቀን ጀምሮ ሰዓቱ ይቆጥራል። በ45 ቀን ውስጥ ምዘናው አልቆ የመጀመሪያው የዕቅድ ስብሰባ መደረግ አለበት። ለቤተሰቡ አንድ አስተባባሪ ይመደባል። በወላጅ የጽሑፍ ፈቃድ ምዘናው ይካሄዳል፤ የሚሳተፉትም ከአንድ በላይ ሙያ ያላቸው ሰዎች ናቸው። የንግግር ባለሙያ፣ የአካል እንቅስቃሴ ባለሙያ፣ የሕፃናት አስተማሪ ሊሆኑ ይችላሉ። አምስት መስኮችን ያያሉ፦ ማሰብና መረዳት፣ አካላዊ እንቅስቃሴ (ማየትና መስማትን ጨምሮ)፣ ተግባቦት፣ ስሜትና ማኅበራዊ ግንኙነት፣ እንዲሁም እንደ መብላትና መልበስ ያለ ራስን የመርዳት ችሎታ። ብዙ ጊዜ ባለሙያዎቹ ወለል ላይ ተቀምጠው ከልጁ ጋር ይጫወታሉ። ለሚያይ ሰው ጨዋታ ብቻ ይመስላል። እነሱ ግን ልጁ መኪናውን ሲገፋ፣ ሲጠቁም፣ ሲኮርፍ፣ ወደ እናቱ ዞር ሲል እየመዘገቡ ነው።

አንድ ልጅ ለድጋፍ የሚበቃበትን መስፈርት እያንዳንዱ ክፍለ ሀገር ይወስናል። በሜሪላንድና በቨርጂኒያ ከአምስቱ መስኮች በአንዱ የ25 በመቶ መዘግየት በቂ ነው። እንደ ዳውን ሲንድሮም ያለ የታወቀ ምርመራ ያለው ልጅ ግን መዘግየቱ እስኪታይ አይጠበቅም፣ በቀጥታ ይገባል።

ለአማርኛ ተናጋሪ ቤተሰብ ዋናው ጥያቄ ምዘናው ልጁን በትክክል ያያል ወይ የሚለው ነው። ሕጉ ልጁ በሚጠቀምበት ቋንቋ እንዲመዘን ያዛል። በተግባር ግን አብዛኞቹ መለኪያዎች የተሠሩትና ደረጃ የወጣላቸው በእንግሊዝኛ ነው። በአስተርጓሚ ሲሰጡ ነጥቡ እንደ ቁጥር መወሰድ የለበትም፤ ባለሙያው ይህን በሪፖርቱ ላይ መጻፍ አለበት። ለምሳሌ ልጁ በአንድ ዓረፍተ ነገር ስንት ቃል እንደሚደረድር መቁጠር አማርኛ ላይ አይሠራም። የእኛ ግሥ ማን እንዳደረገውና በማን ላይ እንደሆነ በአንድ ቃል ውስጥ ይዞ ይሄዳልና።

አስተርጓሚው ራሱ ሌላ ጉዳይ ነው። ጥሩ አስተርጓሚ ልጁ ያለውን እንዳለ ነው የሚያስተላልፈው፣ የተኮላተፈውን ሳይቀር። ብዙዎች ግን በደግነት ያስተካክሉለታል። ጥያቄውንም ለልጁ በምልክት ያቀሉለታል። ውጤቱ ከእውነቱ በላይ ይወጣና ልጁ ድጋፉን ያጣል። ስለዚህ ታላቅ ወንድሙ ወይም ጎረቤት እንዲያስተረጉም መስማማት ጥሩ አይደለም። ባለሙያ አስተርጓሚ ያለ ክፍያ መጠየቅ መብት ነው። በዋሽንግተን ዲሲ በ2004 እ.ኤ.አ. በወጣው የቋንቋ ሕግ ሥር አማርኛ ዋና ዋና የመንግሥት ሰነዶች ከሚተረጎሙባቸው ቋንቋዎች አንዱ ነው።

የቤት ልማድም ይገባበታል። መጠይቁ «ሹካ ይጠቀማል?» ይላል። በእጅ በሚበላበት ቤት፣ በጉርሻ ያደገ የሁለት ዓመት ልጅ ሹካ ላይነካ ይችላል። ኪዩብና እንቆቅልሽ አይቶ የማያውቅ ልጅም በመጀመሪያው ቀን ይደናገራል። ወላጅ እዚህ ላይ ዝም ማለት የለበትም። «ዕድሉን አላገኘም» እና «ዕድሉን አግኝቶ አልቻለም» በጣም የተለያዩ መልሶች ናቸው። ልዩነቱን የሚያውቀው ደግሞ ቤተሰቡ ብቻ ነው።

ከልጁ ምዘና ጎን የቤተሰቡ ምዘና አለ። ስሙ ያስፈራል። «ስለ ቤታችን ምን አገባቸው? ልጃችንን ሊወስዱብን ነው ወይ?» የሚል ሥጋት ስለሚፈጥር ብዙ ወላጅ ቆጠብ ይላል። ዓላማው ግን የሚያሳስባቸውን፣ ቅድሚያ የሚሰጡትንና ያላቸውን አቅም መስማት ነው። በፈቃድ የሚደረግ ስለሆነ አልፈልግም ማለትም ይቻላል። በሰፊው የሚታወቀው ዘዴ ሮቢን ማክዊልያም ያዳበሩት በቀን ውሎ ላይ የተመሠረተ ቃለ መጠይቅ ነው። ባለሙያው ከጠዋት መነሳት እስከ ማታ መተኛት ድረስ ቀኑ እንዴት እንደሚያልፍ ይጠይቃል። ቁርስ ላይ ምን ያደርጋል? ገላውን ሲታጠብስ? ቤተ ክርስቲያን ወይም መስጊድ ስትወስዱት? ከዚህ ወሬ የሚወጣው ግብ ቤተሰቡ የሚፈልገው ይሆናል፦ «ሲርበው ከማልቀስ ይልቅ በእጁ ያሳየን»፣ «ዘመድ ሲመጣ አልጋ ሥር አይደበቅ»።

ይህ ሁሉ የቤተሰብ አገልግሎት ዕቅድ በሚባል ሰነድ ላይ ይሰፍራል፤ አይኤፍኤስፒ የሚሉት ነው። በየ6 ወሩ ይከለሳል፣ በየዓመቱ ደግሞ እንደገና ይታያል። ወላጅ አንዱን አገልግሎት ተቀብሎ ሌላውን መተው ይችላል። ምዘናው፣ ዕቅዱና አስተባባሪው በሁሉም ክፍለ ሀገር ነፃ ናቸው። ሕክምናው ግን እንደ ቨርጂኒያ ባሉ ቦታዎች በገቢ መጠን የሚታሰብ ድርሻ ሊኖረው ይችላል። መክፈል ያልቻለ አይከለከልም።

አገልግሎቱ የሚሰጠው በተቻለ መጠን ልጁ በሚውልበት ቦታ፣ ማለትም በቤት ወይም በማቆያ ነው። በሳምንት አንድ ሰዓት የምትመጣ ቴራፒስት ብቻዋን ተአምር አትሠራም። ሥራዋ ቀሪውን ሰዓት ከልጁ ጋር ለሚውለው ሰው ማሳየት ነው። በእኛ ቤት ቡና ሲፈላ ለዚህ ያመቻል። ልጁ ፈንዲሻውን ለእንግዶች በየተራ ቢያዞር ተራ መጠበቅን፣ ማየትን፣ «እንካ» ማለትን ይለማመዳል። በ«ወፌ ቆመች» ደግሞ ሚዛኑን ይጠብቃል። የሚመጣውን ባለሙያ ቡና ጋብዞ ይህን ማሳየት የትምህርቱ አካል ነው፤ ይሉኝታ አያስፈልገውም።

ኢትዮጵያ ውስጥ ሥራው በአብዛኛው የተጀመረው በወላጆች ነው። ወይዘሮ ዘሚ የኑስ በ2002 እ.ኤ.አ. አዲስ አበባ ላይ ጆይ የኦቲዝም ማዕከልን መሠረቱ። ነህምያ የኦቲዝም ማዕከልም የወላጆች ውጤት ነው። የዓለም ጤና ድርጅት ለአሳዳጊዎች ያዘጋጀው ሥልጠና ኢትዮጵያ ውስጥ ተሞክሯል፤ እሱም በቤት ውሎና በጨዋታ ላይ ይመሠረታል። ጅማ ላይ ደግሞ ተመራማሪዎች ዴንቨር 2 የተባለውን መለኪያ ለአካባቢው ልጆች እንዲስማማ አድርገው አሻሽለዋል። ዲያስፖራው ውስጥ ለሚሠሩ መዛኞች እንዲህ ያለው ሥራ ብዙ የሚያስተምራቸው ይመስለኛል።

አሁን ወደ ክፍፍሉ። ልጁ 3 ዓመት ሲሞላው ከፓርት ሲ ይወጣል። ቢያንስ 90 ቀን ሲቀረው የሽግግር ስብሰባ ይደረጋል። ለትምህርት ቤቱ አገልግሎት ከበቃ ለልደቱ ቀን አይኢፒ የሚባለው የትምህርት ዕቅድ ዝግጁ መሆን አለበት። ወላጅ የሚደናገጠው እዚህ ጋ ነው። ቤት ይመጣ የነበረው ሰው ይቀራል። ልጁ በአውቶቡስ ሄዶ ክፍል ውስጥ ይረዳል። ጥያቄው «ለቤተሰቡ ምን ይጠቅማል?» ከሚለው ወደ «ለመማር ምን ያስፈልገዋል?» ይዞራል። በእኔ አመለካከት የሥርዓቱ ደካማ ጎን ይህ ነው፤ ልጁ በልደቱ ማግስት ቤተሰብ የማያስፈልገው አይሆንምና። ሜሪላንድ ይህን በማየት ወላጅ ከፈለገ በቤተሰብ ዕቅዱ እስከ 4 ዓመቱና ከዚያ በኋላ እስከሚከፈተው የትምህርት ዘመን እንዲቀጥል ትፈቅዳለች። በቨርጂኒያ በአንጻሩ እስከ ሴፕቴምበር 30 ድረስ 2 ዓመት የሞላው ልጅ ቀድሞ ወደ ትምህርት ቤቱ አገልግሎት መግባት ይችላል። ሄድ ስታርት የተባለው፣ ዝቅተኛ ገቢ ላላቸው ቤተሰቦች ልጆች የተቋቋመው የፌዴራል ቅድመ ትምህርት ፕሮግራምም ከመቀመጫው ቢያንስ 10 በመቶውን ለአካል ጉዳተኛ ልጆች ይይዛል።

በአይኢፒ ስብሰባ ላይ ወረቀቱን ወዲያው መፈረም ግዴታ አይደለም። ቤት ወስዶ ማንበብና በአማርኛ እንዲብራራ መጠየቅ ይቻላል። ወላጅ በትምህርት ቤቱ ምዘና ካልተስማማ በመንግሥት ወጪ ገለልተኛ ምዘና መጠየቅ ይችላል። ትምህርት ቤቱ ወይ ይከፍላል፣ ወይ ምዘናው ትክክል መሆኑን በችሎት ያስረዳል። ሽምግልናም አለ።

ለሚደውል ሰው፦ በዲሲ ከ3 ዓመት በታች ላሉት ስትሮንግ ስታርት፣ ከ2 ዓመት ከ8 ወር እስከ 5 ዓመት ከ10 ወር ላሉት ደግሞ ኧርሊ ስቴጅስ ነው። በሜሪላንድ በየካውንቲው ያለው ኢንፋንትስ ኤንድ ቶድለርስ ፕሮግራም፣ በቨርጂኒያ ኢንፋንት ኤንድ ቶድለር ኮኔክሽን ይባላል። በሌላ ክፍለ ሀገር የሚኖር ሰው በአካባቢው የትምህርት ቢሮ «ቻይልድ ፋይንድ» ብሎ ይጠይቅ። ገና ሲደውል «አማርኛ አስተርጓሚ እፈልጋለሁ» ይበል፤ ጥያቄው ከመጀመሪያው ቀን እንዲመዘገብ።